እንደ ኩል የደቀቀ እርድ

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የፋኢዛን ወፍጮ ያውቀዋል። ቤቱን ያላየ እንኳ ድምፁን ያውቃል። ከገበያው ጀርባ፣ በሁለት ልብስ ሰፊዎች መሃል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠዋት ማጓራት ይጀምርና፣ ቀትር ላይ ጫት ገብቶ ከተማው ጸጥ እስኪል ድረስ አያቆምም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ የመጣለትን ሁሉ ይፈጫል። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች በእረፍት ቀናቸው ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ወደብ የሚወርዱ ሾፌሮች ደግሞ ከመኪናቸው ጋቢና ውስጥ የተቋጠረ በርበሬ ይዘው ይመጡና፣ ከሴቶቹ ጋር ሲቀልዱ ተራቸው ያልፋቸዋል።

ወፍጮው አንድ ክፉ ዓመል አለው። ሞተሩ አርጅቷል፤ ግሎ እያለ ከጠፋ ያኮርፋል፤ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይነሣም። ስለዚህ ፋኢዛ ሰልፍ እያለ ወፍጮ አታጠፋም። ሰላምታ በምልክት ትሰጣለች፣ ወሬ በከንፈር ታነባለች፣ ለቅሶ ሲነገራት እንኳ የያዘችውን ጨርሳ ነው የምትወጣው። ባሏ ዘከሪያ በዚህ ይቀልድ ነበር።

«እኔ ስሞት የምትመጪው የሰው በርበሬ ካለቀ በኋላ ነው» ይላታል።

«ቅዳሜ አትሙት እንጂ እመጣለሁ» ትለዋለች። ቅዳሜ ሰልፉ ረጅም ነው።

ፋኢዛ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ጅቡቲ የመጣችው ገና ኮረዳ ሳለች፣ ቅመም ትሸጥ የነበረች አክስቷን ልትረዳ ነው። ከአክስቷ የወረሰችው ወፍጮውንና አንድ ልማድ ነው። የተፈጨውን ቆንጠር አድርጋ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ታሻለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጣቷ አንዲት ፍሬ ካገኘ ዱቄቱ ተመልሶ ይገባል። ባለቤቱ «ይበቃኛል» ቢልም አይበቃም። በዚህ የተነሣ የሚቆጡ ነበሩ፤ ግን ሌላ ወፍጮ ሞክረው ተመልሰው ይመጣሉ።

ዘከሪያ ወደብ ነው የሚሠራው። የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ የሚያስወጣ የትራንዚት ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ፣ የትኛው መኪና የትኛውን እንደሚጭን የሚከታተል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ልጅ አልወለዱም። ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ክፍል ሁለቱ ብቻ ኖሩ፤ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ መተኛት የለመደ ሰው ቢኖር ዘከሪያ ነው።

ሕመሙን ለብዙ ጊዜ ደበቃት። ኋላ ላይ ነው ሽንት ቤት ደም እንደሚያይ የተናገረው። የአንጀት ካንሰር ነው ተባለ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሟ በሱማሊኛ በእርጋታ የምትናገር ሴት ነበረች፤ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

«ያየነውን አውጥተናል» አለች። «ያላየነው ዘር ተበትኖ ቀርቶ እንዳይሆን ግን መድኃኒት በደም ሥር መውሰድ አለብህ። ለወራት፣ እያረፍክ። ይከብዳል፤ አትተወው።»

የመጀመሪያውን ግንቦት ላይ ወሰደ። ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፤ የበሩ እጀታ ጣቶቹን እንደ መርፌ ወጋው። ምንድነው ብሎ ሳያጣራ ብርጭቆውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ጠጣ። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ፋኢዛ ወፍጮው እየጮኸ የስብርባሪውን ድምፅ አልሰማችም፤ ዱቄት ልታስቀምጥ ስትገባ ጉሮሮውን ይዞ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«መስታወት የዋጥኩ መሰለኝ።»

መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል፣ ቀዝቃዛ ነገር እንዳትነካ፣ እንዳትጠጣ ብለውት ነበር። እሱ ግን እንደዋዛ ነው የሰማው። አሁን ክረምት በሌለው አገር፣ ሙቀቱ ገና እየገባ ባለበት ወር፣ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ጠጣ ተባለ። ማስታወኩን ቻለው። ድካሙንም ቻለው። ውሃውን ግን አልቻለም። ከወደብ የብረት ሙቀት ውስጥ ወጥቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ በረዶ ያዘለ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ሲያደርግ፣ እሱ የሞቀ ውሃ ይዞ ያፈጣል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሥራ በዛብኝ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መርከብ ገባ አለ። ፋኢዛ ስትጫነው እውነቱን ነገራት።

«አልሄድም። ፀጉሬን ይውሰዱት፣ ሆዴን ይውሰዱት። ውሃዬን ግን አልሰጥም።»

በዚያው ሰሞን ጎሳዬ መጣ። ጎሳዬ ስንዴና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ የዘከሪያ የቆየ ወዳጅ። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየው። አንድ ሰው በአማርኛ እያስረዳ ነው። እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ነገር የካንሰር ሕዋስ ይገድላል፤ ችግሩ ሰው ሲበላው ሰውነት ውስጥ ሳይቆይ መውጣቱ ነው፤ አሁን ግን ሳይንቲስቶች ናኖ የሚባል እጅግ ደቃቅ ቅንጣት አድርገው፣ በስብ ሸፍነው፣ በቀጥታ ወደ ሕዋሱ እያደረሱት ነው ይላል። ዘከሪያ ቪዲዮውን ደግሞ አየው። ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወፍጮው ድረስ ሄደ፤ ጆሮዋ ላይ አፉን አስጠግቶ ጮኸባት።

«አቦ ፋኢዛ! ፈረንጅ እንዴት ላድቅቀው ብሎ የሚጨነቀው እርድ ነው አሉ!»

«ምን?»

«እርድ! አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ!»

ማታ እራት ላይ አብራራላት። እሷ ሐኪሟን እንጠይቅ አለች።

«ሐኪሟ የራሷን ዕቃ ነው የምታሻሽጠው» አለ። «አንቺም ያንቺን አሻሽጪ።»

ፋኢዛ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። የመድኃኒቱን ቱቦ እጁ ላይ ካየች ጀምሮ እሷም ፈርታለች። የሐኪም ቤቱን ነገር አታውቅም፤ የሚሠሩትን አትረዳም። ማድቀቅ ግን ሥራዋ ነው። ነገሩ ማድቀቅ ከሆነ እሷን የሚበልጥ ሰው በዚህ ከተማ የለም።

የእርዱን ሥር ራሷ መርጣ ገዛች። ጣሪያ ላይ አሰጣች፤ በጅቡቲ ፀሐይ ቶሎ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ደንበኛ ከሄደ በኋላ ወፍጮውን አጥባ ብቻውን ፈጨችው፣ ደግማ ፈጨችው። በሽቦ ወንፊት ነፋችው። ከዚያ ቀጭን ሻሽ ሳፋ ላይ ወጥራ በሻሹ ነፋችው፤ ሻሹ ላይ የቀረውን ወደ ወፍጮ መለሰችው። ቅንድቧ ቢጫ ሆነ፤ ጥፍሮቿ ቢጫ ሆኑ። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ስታሸው ጣቷ ፍሬ አጣ። የቀረው ልስላሴ ብቻ ነበር። ጎረቤቷ ሰብሊ በጣቷ ነክታ፣ «ይሄማ ኩል ነው፤ ዓይኔን ልኳለው እንዴ?» አለች። ፋኢዛ ዱቄቱን በለጋ ቅቤ ለወሰችው፤ ቪዲዮው በስብ ይሸፈናል ብሏላ። ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጨመረችበት። ዘከሪያ ጠዋትና ማታ በማንኪያ ይበላው ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። እጀታው አልወጋውም። ጠርሙሱን አወጣ፤ ትንሽ ቀመሰ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አንጀቱ እስኪርስ ጠጣ። ወፍጮው ጋ መጥቶ ባዶውን ጠርሙስ ዘቅዝቆ አሳያት።

«እርድሽ ውሃዬን መለሰልኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው። ወደብ ለሚያውቀው ሁሉ አወራ። ሾፌሮች፣ «የዘከሪያን እርድ አለሽ ወይ?» እያሉ ይመጡ ጀመር። አንዷ ለእናቷ፣ አንዱ ለራሱ የጨጓራ ሕመም ወሰዱ። ፋኢዛ ለሁሉም ነፋች። ከእጇ የወጣ ነገር ሰው ሲያድን ማየት ቀላል ደስታ አይደለም። የሐኪም ቤቱን ቀጠሮ የሚያነሣ ሰው ከቤቱ ጠፋ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ሰው ወፍጮው ደጃፍ ቆመ። በዕውቀቱ ይባላል። ከባሕር ዳር ተምሮ የመጣ ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ይሠራል። የሚፈልገው ያልተፈጨ የእርድ ሥር ነበር። አንዱን አነሣና ሰበረው፤ ውስጡን አየ፤ አሸተተው። ፋኢዛ ሥር እየሰበረ የሚገዛ ሰው ትወዳለች።

«ለምን አታስፈጨውም?» ብላ ጮኸችለት።

«ፈጭቼ አይደለም የምጠቀመው፤ ቢጫውን ነገር ነጥዬ አወጣዋለሁ!» ብሎ ጮኸላት። «ናኖ ቅንጣት ውስጥ እናስገባዋለን። ካንሰር ላይ ለመሞከር ነው!»

ፋኢዛ ሰልፉን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ወፍጮውን አጠፋችው።

ሰፈሩ ላይ ድንገት ጸጥታ ወረደ። ልብስ ሰፊዎቹ ምን ተፈጠረ ብለው አንገታቸውን አወጡ። አንዲት ሴት፣ «ወይ አምላኬ፣ ዛሬስ እዚሁ ልናድር ነው» አለች። ፋኢዛ ከመደርደሪያው ቆርቆሮዋን አውርዳ ከፈተችለት። ቅቤ ያልነካው፣ ገና የተነፋው ነበር።

«እኔም እሠራዋለሁ» አለች። «እየው።»

በዕውቀቱ ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸው።  አልሳቀም፤ ፋኢዛ ይህን ኋላም አትረሳለትም።

«እትዬ ፋኢዛ፣ እንዲህ የደቀቀ በእጅ የተሠራ ዱቄት አይቼ አላውቅም» አላት። «ናኖ ግን አይደለም።»

«ምን ይጎድለዋል? ልንፋው?»

«በመንፋት አይመጣም። ከዚህ ከአንዷ ቅንጣትዎ ጎን የእኔን በመቶ የሚቆጠሩ ደርድሬ አልጨርስም። ድንጋይም ብረትም እንደዚያ አይፈጭም። እኛ መጀመሪያ እናሟሟዋለን፤ ከዚያ በስብ ዛጎል ውስጥ ተጠቅልሎ እንዲወጣ እናደርገዋለን። ዋናው መድቀቁም አይደለም። መጠቅለሉ ነው። ያልተጠቀለለውን አንጀትና ጉበት ወዲያው ያፈርሱታል፤ ደም ውስጥ የሚገባው ኢምንት ነው።»

«በቅቤ ለውሼዋለሁ።»

«ቅቤው ዙሪያውን ይይዘዋል እንጂ እያንዳንዱን አይጠቀልለውም።»

ፋኢዛ ቆርቆሮውን አላስቀመጠችም። «ያንተስ፣ የተጠቀለለው? ሰው ያድናል?»

«ሳህን ላይ ያሳደግናቸውን ሕዋሶች ይገድላል።»

«አየህ!»

«እትዬ፣ ሳህን ላይ በረኪናም ይገድላል። ካንሰሩን ገድሎ ሰውየውን መተው ነው ሥራው፤ እሱን ገና አላሳየንም። ቀጥሎ አይጥ ላይ ነው። ሰው ሩቅ ነው።» መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው። «የኔውም ቢሆን እርስ በርሱ እየተጣበቀ አስቸግሮኛል።»

«በርበሬ ሲጣበቅ ትንሽ የተቆላ ሩዝ አብሬ እፈጫለሁ» አለች፤ ልማድ ሆኖባት።

በዕውቀቱ ሳቀ። «ለእኔ አይሆንም። ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።» ከዚያ ፊቷን አየ፤ ሳቁ ጠፋ። «የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

ነገረችው። ውሃውንም ነገረችው፤ እርዱ ውሃውን እንደመለሰለት። በዕውቀቱ ስለ ውሃው ሲሰማ በመጀመሪያ ባሏ የወሰደውን መድኃኒት ጠየቃት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የውሃው ነገር መድኃኒቱን ሲያቆም በራሱ ጊዜ ይለቃል። እርድ ቢበላም ባይበላም ይለቅ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሟ ጋ ውሰጂው… ይውሰዱት። እርድ እንደበላም ይንገሯት። ብዙ ሲሆን ከመድኃኒቱ ጋር ላይስማማ ይችላል።»

ሥሩን ይዞ ሄደ። ወፍጮው ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሰልፉ አጉረመረመ። ፋኢዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ከጣቷ ጋር ታሽ ነበር፤ በመካከሉ ምንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ዘከሪያ መጣ። ምሳ በላ። ማንኪያውን አንሥቶ ወደ ቅቤው ሣህን ሲዘረጋ፣ ሣህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። የሰማችውን ሁሉ እንደሰማችው ነገረችው። መሃል ላይ አላቋረጣትም፤ ያ ለእሱ ብርቅ ነው።

«ስለዚህ የልጁ በኮንቴይነር ነው፤ የኔ ብትን ጭነት ነው» አለ በመጨረሻ።

«እንደዚያ ይመስለኛል።»

«ብትን ጭነት አይደርስም ያለሽ ማነው? ስንዴው ሁሉ በምን የሚመጣ ይመስልሻል? ብትኑን ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ገብቶ ይበላል።»

 ፋኢዛ ስንዴ እንዴት እንደሚመጣ አታውቅም።

«ኮንቴይነርም ይጠፋል» ቀጠለ ዘከሪያ። «እኔን ጠይቂኝ። የድሬዳዋውን ሞጆ ወስደው ያራገፉትን አይቻለሁ። ሣህኑን አምጪ።»

«ውሃው የተመለሰልህ መድኃኒቱን ስላቆምክ ነው።»

«ማን አለ?»

«እሱ አለ። እኔም ሳስበው እንደዚያ ነው። እርዱን ከመጀመርህ በፊት እኮ እጀታው መጠዝጠዙን እየቀነሰልህ ነበር፤ አንተው ነግረኸኛል።»

 ዘከሪያ ፊቱን አዙሮ፣ «እንግዲህ ካንቺ ካልሆነ ሌላ ወፍጮ አለ» አለ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ከዚህ የከፋ ቃል ተናግሯት አያውቅም።

ፋኢዛ ተነሣች። ከመደርደሪያው ቆርቆሮውን አወረደች። በበሩ ሥር፣ ለሽያጭ የተፈጨው ተራ እርድ ያለበት ጆንያ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ቆርቆሮውን ዘቀዘቀችው። ስንት ቀን የነፋችው ዱቄት እንደ ጭስ ተነሣና ጆንያው ውስጥ ወረደ። የቆርቆሮውን ቂጥ መታ መታ አደረገች፤ ጠርዙ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠረገችው። ፋኢዛ ቅመም ጥላ አታውቅም፤ ዘከሪያ ያንን ያውቃል። የወደቀ ኮረሪማ ከሰው እግር ሥር የምትለቅም ሴት ናት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ቦታው እየመለስኩት ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለወጥ?»

«ለወጥ።»

ዘከሪያ ጆንያውን አየ። ደቃቁ ከተራው ጋር ተደባልቋል፤ ከእንግዲህ ማንም ሊለየው አይችልም። ማንኪያውን ከእጁ አስቀመጠ። ከውጭ የልብስ ስፌቱ መኪና ይሰማል። 

«እንግዲያው ውሃ ስጪኝ» አለ። «ቀዝቃዛውን።»

ሰጠችው። በቀስታ ጠጣ፤ እንደወትሮው አልጨለጠውም። ሌላ ጠየቀ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ጉንጩ ላይ አድርጎ ቆየ፣ አንገቱ ላይ አንከባለለው፣ ከዚያ ጠጣው። በማግሥቱ ጠዋት ፋኢዛ ወፍጮውን ሳትከፍት አብራው ሐኪም ቤት ሄደች። ቅዳሜ ነበር።

ሐኪሟ ብዙ አልተቆጣችም። የበላውን ጠየቀች፣ ጻፈች፤ ወጥ ውስጥ ያለው አይጎዳህም፣ በማንኪያው ግን ይብቃህ አለችው። የጠፉት ሳምንታት ምን ጉዳት አደረሱ ብላ ፋኢዛ ስትጠይቃት፣ «ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለች። ቱቦው እንደገና እጁ ላይ ተተከለ።

ዘከሪያ ያንን ሐምሌና ነሐሴ፣ ንፋሱ አሸዋ ይዞ እንደ ምድጃ ትንፋሽ በሚመጣበት ጊዜ፣ ፔርሙስ አንጠልጥሎ ወደብ ዋለ። ማቀዝቀዣ የሚከፍተው በሱፍ ጓንት ነበር። ሾፌሮቹ አልማሩትም።

«ዘከሪያ፣ ሻይ ትሸጣለህ እንዴ?» ይለዋል ጎሳዬ።

«ላንተ አልሸጥም፤ ስልክህ ላይ አፍላ።»

ጎሳዬ ከዚያ ቪዲዮ በኋላ አፍሮ ነበር፤ ቀልዱ ይቅርታው ነው፤ ዘከሪያም ገብቶታል። ሕክምናው ሲያልቅ ብርዱ ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ እንደደነዘዘ ቀረ። ቀዝቃዛ ውሃ በጠጣ ቁጥር ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ለፋኢዛ ማሳየት ልማዱ ሆነ። ያንን ዓመት ኖረ፤ የሚቀጥለውንም ኖረ፤ ሥራውን ሠራ፤ ወሬውን አወራ። ከዚያ በሽታው ጉበቱ ላይ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ሐኪሟ ግፋበት አላለችውም። አየሩ በሚቀዘቅዝበት ወራት፣ የቧንቧው ውሃ በራሱ በሚበርድበት ጊዜ ሞተ። ማክሰኞ ነበር፤ ወፍጮው አልተከፈተም።

በዕውቀቱ ለቅሶ መጥቶ ተቀመጠ፤ ስለ ሥራው አላነሣም። አሁንም ሥር ለመግዛት ይመጣል። ፋኢዛ በወፍጮው ድምፅ ላይ ትጮህለታለች።

«የት ደረሰ?»

«አይጥ ላይ ነን!»

«ሰውስ?»

«ገና ነው እትዬ!»

እሷም ጥሩ ጥሩውን ሥር ትመርጥለታለች።

ባለፈው ሰሞን ይመኙሻል የምትባል፣ አምቡሊ ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት መጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የሁሉም ፊት በበርበሬ ቀልቷል። ተራዋ ሲደርስ እርድ አለች።

«ለወጥ ነው?» ስትል ጠየቀቻት ፋኢዛ። እርድ የሚገዛን ሁሉ ይህን ትጠይቃለች። አዎ ካሉ ትመዝናለች፤ ሌላ ነገር የለም።

ይመኙሻል ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «አይ፤ እንደ ኩል የምታደርጊው አለ አሉኝ። እኅቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነው።»

ፋኢዛ ሰልፉን አየች። እጇን ዘርግታ ወፍጮውን አጠፋችው። ከኋላ አንድ ሾፌር፣ «አለቀልን፤ አጠፋችው» አለ። ጸጥ ሲል በርጩማዋን ስባ ለሴትዮዋ ሰጠቻት፤ ራሷ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ሐኪም አይቷታል?»